ከካናቴራው በፊት ጎዙ

ደቡብ ሱዳን ጥጥ ፈትሎ ጨርቅ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበራት ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ንዛራ ነው። በምዕራብ ኢኳቶሪያ፣ ከያምቢዮ ብዙም በማትርቀው በዚህች ከተማ የእንግሊዝ አስተዳደር ከ1946 ጀምሮ የዛንዴ ዕቅድ የተባለውን የጥጥ ልማት ዘረጋ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአዛንዴ ቤተሰቦች ጥጥ እንዲዘሩ በአዲስ ይዞታ ተደልድለው ሰፈሩ፤ መፍተያና መሸመኛው ተተከለ። ፋብሪካው ግን በታሪክ መዝገብ የገባው በጨርቁ አይደለም። በሐምሌ 1955 ከሥራ የተባረሩ ሠራተኞች ሰልፍ ወጥተው ተተኮሰባቸው፤ በተከታዩ ወር በቶሪት ከተማ የሰፈሩ ወታደሮች አመፁ። በ1976 ደግሞ ኢቦላ በሱዳን ምድር መጀመሪያ የታየው በዚሁ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ነበር። ወረርሽኙ ወደ ማሪዲ ሆስፒታል ተሻግሮ በድምሩ 284 ሰዎችን ያዘ፤ 151ዱ ሞቱ። በ1979 እዚያው ንዛራ ተመልሶ መጣና 34 ሰዎች ታመው 22ቱ አለፉ።

ኢቦላ ቫይረስ ነው፤ ባክቴሪያ የሚገድል ጨርቅ ቢኖርም ባላስቆመው ነበር። ማሪዲ ላይ በሽታውን ያባዛው ያለ በቂ መከላከያ የተደረገው የቅርብ እንክብካቤ ነው። ታሪኩ እዚህ የገባው አንድ ነገር አስቀድሞ ስለሚያጠራ ነው፤ ጨርቅን ከጤና ጋር አያይዞ የሚያወራ ሰው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ጨርቅ፣ በየትኛው አካል ላይ፣ በየትኛው ጀርም ላይ፣ ለስንት ሰዓት የሚለውን ነው። ከተፈጥሮ ፖሊሳካራይዶች ማለትም ከባሕር አረም፣ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ልጣጭ፣ ከእንጉዳይና ከዛፍ ሙጫ በሚገኙ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ባክቴሪያን የሚከላከል ክር መሥራት ባለፉት አርባ ዓመታት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ገበያ ገብቷል። ስለ እሱ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። የማይሸት ካልሲ፣ ጀርም የማይዝ አንሶላ፣ ራሱን የሚያጸዳ ካናቴራ ይባላል። የእኔ ክርክር ይህ የተስፋ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት የሚል ነው። እንደ ሙኑኪ ላለ የጁባ ሰፈር የዚህ ሥራ ዋጋ ልብስ ላይ የለም፤ ቁስል ላይ ነው ያለው። ለአካባቢያችን የተከፈተው የሥራ በርም ጥሬ ዕቃውን ከባሕር ማውጣቱ ሳይሆን ያለውን የጥጥ ጎዝ በእነዚህ ሰንሰለቶች ማልበሱ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ወደ ኬሚስትሪው ትንሽ ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል። ጥጥም ራሱ ፖሊሳካራይድ ነው፤ ሴሉሎስ ይባላል፤ የስኳር ቅንጣቶች በክር እንደተሰካ ዶቃ ተያይዘው የቆሙበት ሰንሰለት ነው። ሴሉሎስ ግን ባክቴሪያን አይጎዳም። ላብ የጠጣ ጥጥ እንዲያውም ለጀርም የተመቸ መኝታ ነው። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ፖሊሳካራይድ ስለሆነ ባክቴሪያ ይከላከላል» የሚለው አነጋገር ከጅምሩ ስህተት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በየቅንጣቱ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ነው። በሸርጣን ልጣጭና በእንጉዳይ ግድግዳ ውስጥ ያለው ካይቲን በትኩስና ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ከሰንሰለቱ ላይ አሴቲል የተባለው ቁራጭ ይወልቅና አሚን የተባለው ክፍል ይጋለጣል። ይህ አዲሱ ነገር ካይቶሳን ነው። አሚኑ በመጠኑ አሲዳማ በሆነ ርጥበት ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ የባክቴሪያ ልባስ በአብዛኛው አሉታዊ ነው፤ ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ ልባሱ ይበሳሳና ውስጡ ያለው ይፈሳል። ነገሩ ከዚህ የረቀቁ ገጽታዎችም አሉት፤ ለክርክራችን ግን ይህ ይበቃል። ዋናው ቃል «አሲዳማ» የሚለው ነው። አሚኑ ሙሉን የሚይዘው የአሲድነት ልኬቱ (ፒኤች) ከ6.5 በታች ሲሆን ነው። ከዚያ ሲያልፍ ካይቶሳን እንደ ማንኛውም ዝም ያለ ሰንሰለት ይሆናል። ካይቶሳን በውሃ የማይሟሟው፣ በቤት አቼቶ ግን የሚሟሟው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእነዚህ ነገሮች ታሪክ ከሚመስለን በላይ ያረጀ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ ካይቲንን ከእንጉዳይ ያገኘው በ1811 ነው፤ ማለትም ሴሉሎስ ስም ከማግኘቱ በፊት። ሌላው ፈረንሳዊ ሻርል ሩዤ በ1859 ካይቲንን በአልካሊ ቀቅሎ በአሲድ የሚሟሟ አደረገው። የባሕር አረሙን አልጂኔት ደግሞ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ስታንፎርድ በ1881 አወጣው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ስፒክማንና ባልደረቦቹ ክር አድርገው ፈተሉት። አሠራሩ ቀላል ነው። የሶዲየም አልጂኔት ሙቅ መሳይ ፈሳሽ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ካልሲየም ክሎራይድ መታጠቢያ ይገፋል፤ ካልሲየሙ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸውና ፈሳሹ እዚያው ክር ሆኖ ይረጋል። ክሩ በደካማ የሳሙና ውሃ ስለሚሟሟ ለልብስ አልሆነም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ያው ድክመት ሀብት ሆነ። ቁስል ላይ ሲቀመጥ ፈሳሹን ጠጥቶ ወደ ለስላሳ ሙጭሙጭ ይለወጣል፤ ሲነሳ ሥጋ አይዝም፤ በጨው ውሃ ይታጠባል። ሶርብሳንና ካልቶስታት የተባሉት የቁስል ሽፋኖች የመጡት ከዚያ ነው። ልብስ ሊሆን ያልቻለው ክር ቁስል ላይ ቦታውን አገኘ። ይህ የአንድ ክር ዕጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር፤ ካይቶሳንም በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል።

ካይቶሳንን ወደ ልብስ ለማስገባት ብዙ ተደክሟል። ንጹሕ የካይቶሳን ክር ሲርስ ደካማ፣ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ ብቻውን ለመሸመን ያስቸግራል። በጃፓን ኦሚኬንሺ ክራብዮን ብሎ የሸጠው ክር ከሴሉሎስ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሌሎች ጥጡን በአንድ ወይም በሁለት በመቶ የካይቶሳን ፈሳሽ ነክረው፣ ጨምቀው፣ አድርቀው፣ በሲትሪክ አሲድ አያይዘው በሙቀት ያጸኑታል። ከፋብሪካ ሲወጣ ጨርቁ በእርግጥ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በመጀመሪያው የእጥበት ቀን ነው። የልብስ ሳሙና አልካሊ ነው፤ የውሃውን ልኬት ከ9 በላይ ያደርሰዋል፤ አሚኑ ሙሉን ይጥላል። ከዚህ የባሰው የሳሙናውም ሆነ የኦሞው አጣቢ ክፍል ራሱ አሉታዊ ሙል ያለው መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ሳሙናው ይቀመጣል። በላብራቶሪ ለስለስ ባለ አጣቢ ሃያ ጊዜ ታጥቦ ጸና የተባለ ጨርቅ በሙኑኪ ግቢ በደረቅ ሳሙና ታሽቶ፣ በድንጋይ ላይ ተደብድቦ፣ በጸሐይ ተሰጥቶ እንደዚያው ይጸናል ብሎ የሚከራከር ሰው ልብስ አጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከመለኪያው ጋርም ችግር አለ። ልብስ ላይ የሚለጠፈው «99.9 በመቶ ይገድላል» የሚለው ቁጥር የሚመጣው ኢሶ 20743ን ከመሰሉ የፈተና ደንቦች ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ላይ የታወቀ የባክቴሪያ መጠን ይፈስሳል፤ ከ18 እስከ 24 ሰዓት በሞቃት ሳጥን ይቀመጣል፤ ከዚያ የተረፈው ይቆጠራል። ደንቡ ደንበኛ ነው፤ ጨርቅን ከጨርቅ ለማወዳደር ይጠቅማል። ነገር ግን ከዚያ ቁጥር ተነስቶ «የለበሰው ሰው ከበሽታ ይጠበቃል» ማለት ደንቡ ያላለውን ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ቆዳው ላይ የሚኖሩትን ጀርሞች መግደል አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። ተቅማጥና ኮሌራም በካናቴራ አይተላለፉም። ደቡብ ሱዳን በጥቅምት 2024 ድንበር ላይ ካለችው ከሬንክ የጀመረ የኮሌራ ወረርሽኝ ስታውጅ መንገዱ የታወቀው ነበር፤ የተበከለ ውሃ፣ የመጸዳጃ እጦት፣ ከጦርነት የሚሸሽ የሰው ጎርፍ። ጁባ ውስጥ ብዙ ነዋሪ ከቦቴ መኪና ውሃ ገዝቶ ይጠጣል። ሙኑኪ ከከተማዋ ሦስት የአስተዳደር ክፍሎች (ፓያሞች) አንዱ ነው፤ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። እንግዲህ «ውሃና ሳሙና የሌለበት አገር ላይ ስለ ረቂቅ ጨርቅ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው የመጀመሪያው ተቃውሞ ልብስን በሚመለከት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ አልከራከረውም። ለቤተሰቡ ፀረ ባክቴሪያ ልብስ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ለሳሙናና ለውሃ ማከሚያ ክሎሪን ቢያውለው እጅግ የተሻለ ይገዛል።

ቁስል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ጨርቁ የሚቀመጠው ቆዳ በሌለበት ቦታ ነው፤ የሚቆየው ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ ይጣላል። የማይታጠብ ጨርቅ ሳሙና አያገኘውም። ልብስ ላይ ካይቶሳንን የሚገድለው ትልቁ ነገር ጎዝ ላይ ከነጭራሹ የለም። ሌላም ባሕርይ አለው፤ ደም ሲነካው ቀይ የደም ሕዋሶችን ስቦ ያጣብቃል፤ ይህን የሚያደርገው የሰውነቱ ደም የመርጋት አቅም ቢዳከምም ጭምር ነው። ሄምኮን የተባለው የካይቶሳን ሽፋን በ2002 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ ወደ አፍጋኒስታንና ኢራቅ የዘመተው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ግትር ስለነበር ጥልቅና ጠባብ ቁስል ውስጥ አልገባም፤ በኋላ ተጠቅጥቆ የሚገባ የካይቶሳን ጎዝ መጣ፤ የጦር ሜዳ የሕክምና መመሪያዎችም በቅድሚያ የሚመርጡት ሌላ ጎዝ ሲጠፋ እሱን መጠቀም ፈቀዱ። ጥይት የሚያቆስለው ሰው ብዙ በሆነበት አገር፣ ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በሰዓት ሳይሆን አንዳንዴ በቀን በሚለካበት አገር፣ ደም የሚያቆም ጎዝ ቅንጦት አይባልም። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ ግድያው ሲፈነዳ በአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ ስማቸው ከተጠቀሱት ሰፈሮች መካከል ጉደሌና ሙኑኪ ነበሩ። በሐምሌ 2016 ከተማይቱ ዳግም የጦር ሜዳ ሆነች። ለዚህ ሰፈር ሰው የጎዝን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለተኛውና የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ይመጣል፤ በዋነኛነት የሚመጣውም ከሐኪሞች ነው። ንጹሕ የተቀቀለ ጎዝ፣ በጨው ውሃ በደንብ የታጠበ ቁስል፣ የሞተ ሥጋ መቁረጥ፣ በጊዜው መቀየር፤ እነዚህ ካሉ ልዩ ሽፋን ምን ይጨምራል? ማስረጃው ለዚህ ተቃውሞ ያደላል ማለት ይቻላል። በ2013 የሕክምና ማስረጃ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች ስለ አልጂኔት ሽፋንና ስለ ስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል የተደረጉ 6 ጥናቶችን፣ 375 ታካሚዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ አልጂኔት ከሌላው ሽፋን በተሻለ ቁስል እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ካይቶሳንም ራሱ ደካማ ጎን አለው። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የአሲድነት ጉዳይ እዚህም ይከተለዋል። የጤነኛ ቆዳ ልኬት 5 አካባቢ ስለሆነ ለካይቶሳን ይመቸዋል፤ የከረመና የመገለ ቁስል ግን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 9 ባለው ውስጥ ነው፤ መግሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲንም አሚኑን ይሸፍነዋል። ማለትም ጀርሙ በበዛበት ቦታ ጨርቁ ይደክማል። ኬሚስቶች ለዚህ መልስ አላቸው፤ አሚኑን በኬሚካል ለውጠው ሙሉን በማንኛውም ሁኔታ እንዲይዝ ያደርጉታል። ያ ግን ከአቼቶና ከጎዝ ወጥቶ ወደ ውስብስብ ፋብሪካ መግባት ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ስምም እዚያ ይሳሳል።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ አሁንም ለጎዙ መከራከር ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ክርክሩ ግን ይጠብባል፤ መጥበቡም ጥቅሙ ነው። ኮክሬን የመዘነው በመደበኛ የሕክምና ክትትል ሥር የተደረገ ንጽጽር ነው። የሙኑኪ ጥያቄ የተለየ ነው፤ ታካሚው ዛሬ ወደ ሰፈሩ ጤና ማዕከል መጥቶ ቁስሉ ከተጠረገለት በኋላ ለትራንስፖርት ወይም ለጸጥታ ሲል ለአራት ቀን የማይመለስ ከሆነ፣ በእነዚያ አራት ቀናት በላቡና በአቧራው ውስጥ ቁስሉን የሚሸፍነው ጨርቅ ምን ዓይነት ይሁን? ገና አዲስ፣ የታጠበ፣ ያልመገለ ቁስል ላይ የካይቶሳን ልባስ ያለው ጎዝ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ጨርቁ ራሱ የጀርም ማራቢያ እንዳይሆን ያዘገያል፤ የሚደማውን ያቆማል፤ ሲነሳም እንደ ደረቅ ጎዝ ሥጋ ይዞ የመምጣቱ ዕድል ይቀንሳል። የገለጽኩት ፈውስ አይደለም፤ ጊዜ መግዛት ነው። ጁባ ውስጥ ደግሞ ጊዜ ሊገዙ ከሚገባቸው ነገሮች ዋናው ነው። የመገለውን ቁስል ለቢላዋውና ለጨው ውሃው መተው ነው፤ እዚያ ላይ ጎዝ ሻጭ የሚለውን ማመን የለብንም።

ብርን ለምን ተውኩት የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ፀረ ባክቴሪያ ጨርቅ ሲባል በገበያው የበዛው የብር ቅንጣት ያለበት ነውና። ብር በእርግጥ ይገድላል፤ ከካይቶሳንም በላይ ይገድላል። ግን በእጥበት ይወጣል። በ2008 በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የገበያ ካልሲዎችን ሲያጥቡ አንዳንዶቹ በጥቂት እጥበት ብራቸውን ሁሉ ማለት ይቻላል ለውሃው ሰጥተዋል። ትሪክሎሳን የተባለውን ሌላ ኬሚካል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2016 ከእጅና ከገላ ሳሙናዎች ያስወጣው ከተራ ሳሙና እንደሚበልጥ አምራቾቹ ስላላስረዱና ስለ ጉዳቱም ጥያቄ ስለበዛ ነው። መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች በ2019 ብቻ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል ሲል ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ገምቷል፤ ከሁሉ የከፋው መጠን ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ ነበር። በዚህ ጊዜ ጀርም ገዳይ ነገርን በየካልሲው ላይ መበተን ማስተዋል አይደለም። ካይቶሳን ልባሱን በብዙ ቦታ ስለሚወጋ ጀርሙ በቀላሉ አይላመደውም ይባላል፤ ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ለዘላለም የሚሰጥ ዋስትና ግን አይደለም። እሱንም ቢሆን በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ መጠቀም ይሻላል።

አሁን ወደ አምራችነቱ ልምጣ፤ በኛ በኩል ያለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ባሕር የለንም፣ ሽሪምፕ የለንም፣ እንዴት ካይቶሳን እንሠራለን?» ይባላል፤ ወይም በተቃራኒው «አንበጣ አለን፣ ዝንብ እናረባለን፣ ልጣጩ ካይቲን ነው» ይባላል። ሁለተኛው በኬሚስትሪ እውነት ነው። የ2020ው የአንበጣ መንጋ በየካቲት ወር ወደ ደቡብ ሱዳኗ ማግዊ ሲደርስ የያዘው ካይቲን ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን በመንጋ ላይ ፋብሪካ አይቆምም። ልጣጭን ወደ ካይቶሳን መለወጥ ብዙ አሲድ፣ ብዙ ኮስቲክ ሶዳ፣ ብዙ ውሃና ከሁሉም በላይ ብዙ ዝቃጭ ማለት ነው፤ ውሃ በቦቴ የሚሸጥባት ጁባ ይህን ለመሸከም የመጨረሻዋ ቦታ ናት። ዱቄቱ ተገዝቶ ይምጣ። በጥቁር ወታደር ዝንብ እርባታ ወይም በእንጉዳይ ላይ የተመሠረተ ካይቶሳን በጊዜ ከጎረቤት ቢመጣ ደስ ይላል፤ በተለይ የእንጉዳዩ ሌላ ጥቅም አለው። ሸርጣንና ሽሪምፕን ርኩስ ብሎ የማይበላ ኦርቶዶክሳዊ ታካሚ ቁስሉ ላይ የተደረገለት ከምን እንደተሠራ ቢጠይቅ ተገቢ መልስ ሊሰጠው ይገባል። መልበስ መብላት አይደለም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከእንጉዳይ ነው ብሎ መመለስ ግን ክርክሩን ያስቀራል።

አካባቢያችን በእጁ ያለው ነገር ማጠናቀቂያው ነው። ጎዝ መሸመን፣ ማንጣት፣ በፈሳሽ ነክሮ መጭመቅና በሙቀት ማጽናት አዲስ ጥበብ አይደለም። በኢትዮጵያ በኩል ባሕር ዳር ላይ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ፤ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1963 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ጨርቃጨርቅን ያስተምር ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ከሆነው ከአጎዋ ስትሰረዝ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምን እንደደረሰበት አይተናል፤ ለአሜሪካ ሸሚዝ መስፋት በአንድ ፊርማ የሚቆም ሥራ ነበር። ለጎረቤት ሆስፒታል ጎዝ መሥራት እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ባይሆንም የሚፈልገው ገዢ ቅርብ ነው፤ ችግሩም የቀረጥ ሳይሆን የጥራት ነው። እዚህ ላይ ከሬንክ አካባቢ የሚመጣው የግራር ሙጫም ቦታ አለው፤ ይህ በአንድ ወገን የሚጋነን በሌላው የሚናቅ ነገር ስለሆነ በልኩ ልበለው። የግራር ሙጫ ፖሊሳካራይድ ነው፤ ግን ክር አይፈተልም፤ በውሃ ይሟሟል፤ ብቻውንም ባክቴሪያን የሚገድል አይደለም። ያለው ሀብት አሉታዊ ሙሉ ነው። ከካይቶሳን ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ተጣብቀው ቀጭን ግድግዳ ይሠራሉ፤ በግድግዳው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ የኒም ዘይት ወይም ሌላ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ካርቦን የማያስፈልገው ደረሰኝ ወረቀት የተሠራው በጄላቲንና በዚሁ ሙጫ በተሠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። የዓለምን ሙጫ በብዛት የምታቀርበው ሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት፤ ድንበር ላይ ያለው የላይኛው ናይል ሙጫ ደግሞ ለዘመናት እንደ ጥሬ እቃ ወደ ሰሜን ሲፈስ ኖሯል። ጥቂቱ እንኳ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተጣርቶ ደረጃ ቢወጣለት የሚያተርፈው ገበሬው ነው። ይህ ግን የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ተራ ካይቶሳን የለበሰ ተራ ጎዝ ነው።

ወጪውን የሚያነሳ ሰው ትክክል ነው። ልባስ ያለው ጎዝ ከተራው ይወደዳል፤ ለሁሉም ቁስል አይታደልም። ስለዚህ ጥያቄው የግዥ ጥያቄ ይሆናል፤ ግዥ ላይ ደግሞ የሚጎዳን ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ምን እየገዛን እንደሆነ አለማወቃችን ነው። «ካይቶሳን» የሚል ስያሜ አንድ ዕቃ አይደለም። አሴቲሉ ምን ያህል እንደወለቀ፣ ሰንሰለቱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ፣ የቀረው ፕሮቲንና ከባድ ብረት ምን ያህል እንደሆነ ካልተነገረ ሁለት ካርቶን ተመሳሳይ ስም ይዞ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ከባሕር እንስሳት የመጣ ስለሆነ አለርጂ ያስነሳል የሚለው ፍርሃት መፍትሔውም እዚሁ ነው፤ አለርጂውን የሚያስነሳው ፕሮቲኑ ነውና በደንብ ሲወገድ አደጋው ይቀንሳል፤ መወገድ አለመወገዱን የሚናገረውም የዕቃው የጥራት ወረቀት ነው። ማምከኛውም ጉዳይ ነው፤ ጎዙን በጋማ ጨረር ማምከን የካይቶሳኑን ሰንሰለት ይበጣጥሳል፤ በሆስፒታሉ አውቶክሌቭ ደግሞ ማብሰል ባሕርይውን ይለውጣል። አውቶክሌቭ ውስጥ ተራ ጎዝ ማስገባት የለመደች ነርስ ማስጠንቀቂያ ካልተሰጣት ውድ የሆነውን ጎዝ ወደ ተራ ጎዝ ትመልሰዋለች። በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋው የጁባ ሙቀት፣ ከዚያ በሚከተለው እርጥበት መጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላስ ይሠራል ወይ? ይህን ፈትሾ የሚመልስ አካል ቢያንስ በወረቀት አለ፤ በጁባ በኩል የመድኃኒትና ምግብ ቁጥጥር ባለሥልጣኑና ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮው፣ በአዲስ አበባ በኩል የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ።

ስለዚህ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ሆነ በሙኑኪ ጤና ማዕከል የጎዝ ጥያቄ የሚፈርሙ ኃላፊዎች፣ ለእነሱም ዕቃ የሚያመጡ ሐበሻ ነጋዴዎች ከሻጩ አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሴቲሉ የወለቀበት መጠን በመቶኛ፣ የባክቴሪያው ፈተና በስንት የአሲድነት ልኬት እንደተደረገ፣ የማምከኛው ዘዴ፣ እና በ40 ዲግሪ ሙቀትና በእርጥበት የተከማቸው ናሙና ከስድስት ወር በኋላ የሰጠው ውጤት። ሻጩ «99.9 በመቶ» ብሎ ከመለሰ ሌላ ሻጭ ይፈለግ።